ትከሻዬ ላይ የዋለው የድምፅ መለኪያ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቤታችን ጸጥታ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የትውልድ አገሩ ቁይ ላሉት ዘመዶቹ ስልክ ሲደውል ስልኩን የሚይዘው ለወጉ እንጂ ድምፁ በራሱ መንገድ የሚደርስ ይመስል ነበር። ጋዜጣ የሚያነበው ጮክ ብሎ ነው፤ ያውም የጨረታ ማስታወቂያውን ጭምር። ልጅ ሳለ መማር ጀምሮ ያቋረጠውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ይሞክረዋል፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ውኃ ሲያልቅ ዜማውም እዚያው ላይ ይቆማል፤ በማግስቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። ሲተኛ እንኳ አያርፍም። አንዲት ጎረቤት ሰፈራችን በገባች ሰሞን፣ «ግቢያችሁ ውስጥ ወፍጮ አለ እንዴ? ጤፍ ላስፈጭ ብዬ ነው» ብላ በቁም ነገር ጠይቃኛለች።

እሱ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ዝም አለ። ልጆቻችን ሥራ ይዘው ሌላ ከተማ ናቸው። ማታ ማታ ማቀዝቀዣው ይነሳል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ያርፋል፤ ሲያርፍ እኔ እደነግጣለሁ። የጣሪያው ቆርቆሮ ፀሐይ ስትገባ እየበረደው ጠቅ ጠቅ ይላል። እሱም ሲያቆም ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ለምን እንደምሮጥ ይገባዋል።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ። የክፍላችን መስኮት የሚከፈተው የባጃጅ ተራ ላይ ሲሆን የጀርባው ግድግዳ ደግሞ የብረት በርና መስኮት ከሚሠራ ቤት ጋር የጋራ ነው። ከፊት በኩል «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ሲባል ይውላል፤ ሄደሽ ብታይ ግን ባጃጁ ውስጥ የቀረው ሳይሆን ያለው ነው አንድ ሰው። ከኋላ በኩል ብረት ይቆረጣል፣ ይቀጠቀጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በቁመት አትደርስብኝም፣ በድምፅ የሚደርስባት የለም። ምስጢር ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ የሚሰማት ኮሪደሩ ብቻ ነው።

ከሐዘን ተመልሼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ወጣት መምህርት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የምታጠናው ሠራተኛ ምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ በምን ያህል ብርሃን እንደሚሠራና ምን ያህል ድምፅ ሲሰማ እንደሚውል ነው። ኃላፊያችን ይዟት ገባና፣ «ተባበሯት፤ ለእናንተው ምቾት ነው» ብሎን ወጣ።

መምህርቷ ሥራዋን የጀመረችው ከወንበር ነው። የባልደረባዬ እግር መሬት ስለማይነካ ከሥሩ የወረቀት ካርቶን አለ። የእኔ ወንበር አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ የማኅተም ቀለም ክዳን አስደግፌበታለሁ፤ ክዳኑ ሲንሸራተት እኔም ወደ ግራ አዘነብላለሁ፤ ተገልጋይ በአገልግሎት መስጫው መስኮት የምሰግድለት መስሎት አጸፋውን ይመልሳል። መምህርቷ ይህን ሁሉ ጻፈች። ከዚያ ሜትር አወጣችና ባልደረባዬን ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ፣ ከወገቧ እስከ ትከሻዋ ትለካት ጀመር።

«ምነው ልጄ፣ ለሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትለኪኝ?» አለች ባልደረባዬ።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጥቁር ልብሴን አየችና ደረቀች። መምህርቷም ሜትሩን እንደያዘች ቆመች። እኔ ደግሞ ባለቤቴ ቢሰማ ምን ያህል ይስቅ እንደነበር ታየኝና ቀድሜ ሳቅሁ። እነሱ ሳቄን ሲያዩ ፈሩ፤ ቀጥሎ እነሱም ሳቁ። ክዳኑ ተንሸራተተና ወደ ግራ አዘነበልኩ።

ከልኬቱ በኋላ የሰው ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠችን። የሚያመንን ቦታ ምልክት እንድናደርግ ነው። ሰውየው ራቁቱን ቆሟል። ባልደረባዬ መጀመሪያ እስክሪብቶ አንስታ ቀሚስ አለበሰችው፣ ነጠላም ደረበችለት፤ ከዚያ ምልክት የምታደርግበት ቦታ ጠፋት። እኔ እስክሪብቶውን ደረቱ ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆየሁ። አንገቷን አስግጋ አየችኝ።

«እሱን አይደለም የሚጠይቁን» አለችኝ፤ ለእሷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወገብሽን በይ።»

ወገቤን አልኩ።

የብርሃኑ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። መምህርቷ የብርሃን መለኪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ ብታስቀምጠው ኮሪደሩ ከእኔ ጠረጴዛ ይበልጥ ብርሃን ያለው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ፈለገች፤ በባጃጅ ተራው በኩል ያለው መስኮት ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ያለበት ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ተለጥፏል። ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን የተሰበረውን መስታወት የደፈነው እሱ ነው።

«ይሄ ብርሃን ይጋርዳል፤ ቢነሳ ጥሩ ነው» አለች።

«አንሺዋ፤ ማን ያዘሽ?» አለቻት ባልደረባዬ። «እኔ እጄን አላስገባም።»

መምህርቷ ሰይፉን አየች፣ ከሰይፉ ሥር የወደቀውን አየች፣ አማተበችና ወረቀቷ ላይ «አምፖል ይጨመር» ብላ ጻፈች።

መጨረሻ ላይ የድምፁ ነገር ደረሰ። ለዚህ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር መለኪያ ግራ ትከሻዬ ላይ፣ ከጆሮዬ በታች ሰካችልኝ። ጠዋት ሥራ ስገባ እንዳደርጋት፣ ማታ ስተኛ እንዳወልቃት ነገረችኝ። ቤትም ጭምር።

«የምንለውን ትቀዳለች?» አለች ባልደረባዬ።

«የለም፣ የድምፁን ልክ ብቻ ነው የምትይዘው። ቃሉን አታውቀውም።»

ባልደረባዬ አላመነችም። ያን ጠዋት በእጇ ስታወራኝ አረፈደች። ከምሳ በኋላ ግን መታገሥ አቃታት፤ መጥታ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለችና፣ «ጤና ይስጥልኝ! የሽንት ቤቱ ቁልፍ ኃላፊው ቢሮ መሆኑ ትክክል አይደለም! የሚሰማ ካለ ይስማ!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ወዲያ መለኪያዋን እንደ ሦስተኛ ባልደረባ ቆጠረቻት፤ ጠዋት ገብታ እኔን ስትስም ትከሻዬንም «እንዴት አደርሽ» ትለው ነበር።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኃላፊው አስጠራኝ።

«ውጤቱን አየሁት» አለኝ። «እዚያ ክፍል ሰው ይደነቁራል። ሁለታችሁንም እንዳላወጣ ያለኝ አንድ ክፍል ነው። እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፤ ጸጥታ ያስፈልግዎታል። በአዲሱ ሕንፃ ጀርባ በኩል፣ ባሕር ዛፉ ያለበት ጋ አንድ ክፍል አስጠርጌልዎታለሁ። በርዎን ዘግተው በእርጋታ ይሠራሉ። ልጅቷ አንድ ሳምንት እዚያ ትለካና ጸጥታው ከተረጋገጠ የዝውውር ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

ይህ ሰው በቀብሩ ዕለት ዝናብ ሲመታው እስከ መጨረሻው የቆመ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ወጣሁ።

ባልደረባዬ ስነግራት፣ «እሰይ! ደግ አደረገ!» አለች በጣም ጮክ ብላ። ከዚያ የተመዘገበውን ደብዳቤ እንደገና መመዝገብ ጀመረች። ቀና ሳትል፣ «እኔ እንደሆንኩ ግድግዳውን አወራዋለሁ። ካንቺ እሱ ይሻላል፤ ከጀርባው ሆኖ ብረት ቀጥቃጩ ይመልስልኛል» አለችኝ።

አዲሱ ክፍል እንደተባለውም ነበር። አዲስ ወንበር፣ አዲስ መብራት፣ ነጭ ግድግዳ። መምህርቷ መጥታ ወንበሩን ከፍና ዝቅ እያደረገች ክንዴን፣ ጉልበቴን፣ ወገቤን ልክ ልካቸውን አስያዘቻቸው። «አሁን ልክ መጽሐፉ እንደሚለው ተቀምጠዋል» ብላኝ ሄደች።

መጽሐፉ ያላወቀው ወለሉ ዘንበል ያለ መሆኑን ነው። ወንበሩ ባለ ጎማ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስመዘግብ ጠረጴዛው ቀስ እያለ ከእኔ የሚሸሽ መሰለኝ፤ ለካ የምሸሸው እኔ ነኝ። ቀና ስል ግድግዳው ጋ ደርሻለሁ። በእግሬ እየገፋሁ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። ማኅተም ስመታ በግራ እጄ ጠረጴዛውን እንደ ሕፃን ማቀፍ ነበረብኝ።

በዚህ እንኳ መሳቅ ይቻላል። የከበደኝ ጸጥታው ነው። ምራቄን ስውጥ ይሰማኛል። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። የቤቴ ዝምታ ተከትሎኝ መጥቶ ሥራ የተቀጠረ መሰለኝ። ደብዳቤው ከተጻፈ እንግዲህ ቀኑም እንደ ማታው ሊሆን ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ። ያን ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ባጃጅ ተራው ሄጄ የትም የማልሄድ ሴትዮ ሆኜ እቆም ነበር። «አንድ ሰው የቀረው! እናት፣ ይግቡ!» ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

በሳምንቱ አጋማሽ ከኮሪደሩ ጫፍ ጩኸት ሰማሁ። የታመመ ሰው ያለ መስሎኝ ብድግ ስል በሩ ተከፈተ። ከፊት ባልደረባዬ፣ ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ፣ እንባዋ እየወረደ። ከኋላዋ የባለቤቴ አክስት፣ ከአክስቲቱ ኋላ ሁለት የቁይ ሴቶች። አክስቲቱ በቀብሩ ጊዜ ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ አልመጡም። አሁን ለሐኪም ቤት ቀጠሮ ማርቆስ ሲመጡ ከሐኪሙ በፊት ወደ እኔ መጡ። ቀብር ያመለጠው ሰው ሐዘንተኛውን መጀመሪያ ያገኘበት ቦታ ላይ ማልቀስ አለበት፤ ቦታው መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ ገበያ ቢሆንም።

አንገቴን አቅፈው ፊታቸውን ግራ ትከሻዬ ላይ፣ ልክ መለኪያዋ ላይ አደረጉና ሙሾውን አወረዱት፦

«ስልክ ሳትይዝ ጠርተህ የምትሰማ ቁይ፣
ምነው ዝም አልኸኝ ደጅህ ስመጣ፣ ወይ!»

ሁለቱ ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ባልደረባዬ ከሁሉም በላይ ተቀበለች። እኔም አለቀስኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አክስቲቱ አልለቀቁኝም፤ ክብደታቸው እኔ ላይ ሲያርፍ ወንበሩ ጉዞ ጀመረ። ተቃቅፈን እያለቀስን ቀስ ብለን ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ሄድን። ሁለቱ ሴቶች የአለቃቀሱ ሥርዓት ከተማ ውስጥ እንዲህ መስሏቸው እያለቀሱ ተከተሉን። ግድግዳው ጋ ስንደርስ ሁላችንም አብረን ቆምን።

አክስቲቱ እንባቸውን ጠርገው ወንበሩን ተመለከቱት።

«እታለም፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ሰይጣን አለበት?»

«ለምቾት ነው፣ እማማ።»

«ምቾት ሰው ይዞ ይሄዳል?» አሉና አንዴ ተቀመጡበት። ሲሽከረከር እንደ ልጅ ሳቁ፤ ወዲያው ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ባልደረባዬ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይቺ ሴትዮ የማን ወገን ናት? ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ነው የመራችን።»

«አብራኝ የምትሠራ ናት።»

«ለለቅሶማ ተፈጥራለች» አሉ በአድናቆት።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ሰው አላጣም። በድሮው ክፍል ተገልጋይ ተሰልፎ ስለሚያይ ሰው እንደልቡ ማልቀስ ያፍር ነበር። አሁን የራሷ ክፍል አላት፣ በርም አለው ተባለ። ክፍለ ሀገር ከርመው የተመለሱ ጎረቤቶች፣ የባለቤቴ የድሮ የሥራ ጓደኞች፣ አማኑኤል ከተማ ለሥራ ተዛውሮ የነበረ የሰፈራችን ሰው፣ ሁሉም መጡ። ሁሉንም ባልደረባዬ እየመራች ታመጣቸዋለች። ኮሪደሩ ቀጥ ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለው በርም አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ግን አንድም ሰው ብቻውን አልላከችም።

ሳምንቱ አለቀ። መምህርቷ መለኪያዋን ወስዳ በማግስቱ ኮምፒውተሯን ይዛ ኃላፊው ቢሮ ተገኘች። እኔም ተጠራሁ። ባልደረባዬ ማንም ያልጠየቃትን ፋይል ይዛ ገባችና በሩ ጋ ቆመች።

መምህርቷ ግራ ገብቷታል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «አዲሱ ክፍል ውስጥ የብረት መቁረጫ ማሽን አለ?»

«የለም፣ ልጄ።»

«ይሄን ይመልከቱ።» ኮምፒውተሯ ላይ ያለው መስመር እንደ ጮቄ ተራራ ይወጣና ይወርዳል። «በዚህ ከሄድን ከባጃጅ ተራው ይልቅ የሚጮኸው ይሄኛው ክፍል ነው። እዚህ ሰው ማስቀመጥ ጤና አይደለም።»

ኃላፊው ባሕር ዛፉን በመስኮት አየ፤ ጥፋተኛው ዛፉ ይመስል።

«እንግዲህ ሳይንስ ነው!» አለች ባልደረባዬ ከበሩ። «ሳይንስ ካለ ምን ይደረጋል? ትመለስ!»

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ልጅቷ ይህን ይዛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፊት ስትቆምና ባሕር ዛፍ ሥር ብረት ይቆረጣል ስትል ታየኝ። አሳዘነችኝ።

«ለቅሶ ነው» አልኳት። «ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡ ሰዎች ናቸው። ትከሻዬ ላይ ነው ያለቀሱት።»

ባልደረባዬ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ምነው አፍሽን ብትይዢ!»

መምህርቷ ግን እፎይ አለች። «እሱማ የሥራ ድምፅ ስላልሆነ ከስሌቱ ይወጣል።» እያንዳንዱ ለቅሶ የደረሰበትን ሰዓት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ኮምፒውተሯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። አክስቲቱ ጠፉ፤ ጎረቤቶቹ ጠፉ፤ የአማኑኤሉ ሰው ጠፋ። ተራራው ሁሉ ሜዳ ሆነ።

«በጣም ጸጥ ያለ ክፍል ነው» አለች።

«ተመስገን» አለ ኃላፊው። «ደብዳቤው ዛሬ ይጻፋል።»

መምህርቷ ደስ ብሏት ሌላም ልታሳየኝ ፈለገች። «ይሄ ደግሞ የቤትዎ ምሽት ነው። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ከማንም ሰው ቤት አላየሁም። እድለኛ ነዎት።»

መስመሩን አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ተዘረጋ ክር ነው።

«ይቺ ትንሽ ጉብታ ምን ትሆን?» አለችኝ።

«ማቀዝቀዣው ነው።»

«እነዚህስ ነጠብጣቦች?»

«ቆርቆሮው ነው። ሲበርደው ጠቅ ጠቅ ይላል።»

«ከዚያ በኋላ ያለውስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

መምህርቷ ጥቁር ልብሴን ገና ያን ጊዜ ያየችው ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ወደ ኃላፊው ዞርኩ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ። ግን ጸጥታ ቤቴ ሞልቶኛል። ለሥራ ሰዓቴ ድምፁን ይተውልኝ።»

መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። «ያን ሁሉ ጩኸት?» አለ።

«ያን ሁሉ።»

ባልደረባዬ በሩ ጋ ፋይሉን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ድምፅ ሳታወጣ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ጎማውን ወንበር እየገፋሁ የድሮው ክፍሌ ገባሁ። ወንበሩን ኃላፊው ይዘው ይሂዱ ብሎኛል፤ እዚህ ወለሉ ደልዳላ ነው፣ አይሄድም። ባልደረባዬ አንዴ ልሞክረው ብላ ወጣችበት፤ እግሯ ተንጠለጠለ፤ ካርቶኗን ከሥሩ ብታደርግ ካርቶኑን ትቶ ይዞራል። «አልጠቀመኝም» ብላ መለሰችልኝ። መምህርቷ የጆሮ መድፈኛ በትንሽ ፕላስቲክ አድርጋ ልካልናለች፤ ቢጫ ነው፣ ለስላሳ። እኔ የእኔን ከመሳቢያዬ አስቀመጥኩት። ባልደረባዬ የሷን፣ ነፋስ የሚያራግበው የቅዱስ ሚካኤል የቀን መቁጠሪያ እንዳይነሳ ጥጉ ላይ ወሸቀችው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «ሰዉን ሁሉ እያለቀስሽ የመራሽው እንድመለስ ብለሽ ነው?»

«እኔ? መንገዱ ጠፍቷቸው ነው እንጂ!»

«ኮሪደሩ ቀጥ ያለ ነው።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀጥ ባለ ኮሪደርም ይጠፋል» አለችና መለኪያዋ የነበረችበትን ባዶ ትከሻዬን በልማድ «እንዴት አደርሽ» አለችው።

ከኋላ ብረቱ ተቆረጠ። ከፊት ባጃጁ አንድ ሰው ፈለገ። እሷ ጎንበስ ብላ ምስጢር የምትለውን ነገር ጀመረች፤ ኮሪደር ላይ የነበሩ ሁለት ተገልጋዮች ለመስማት ቆሙ።

«ትሰሚኛለሽ?» አለችኝ።

«እሰማሻለሁ» አልኳት።